የመልሬዲ ፖስታና የፌዝ ሠዓሊዎቹ፦ «ሕዝቡ ውበት አልገባውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ መልሬዲ ፖስታ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ስለ ኅትመት ሥዕልና ስለ ፖስታ ታሪክ በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጽሑፉ መውጣቱ አስደስቶኛል፤ ጸሐፊውም ጉዳዩን ወደውት እንደጻፉ ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። መደምደሚያቸውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም፤ ከደረደሯቸው ማስረጃዎችም አንዳንዶቹ ከዘመን ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫሉ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በ1840 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ መንግሥት ሠዓሊው ዊልያም መልሬዲ የነደፈው እውነተኛ የጥበብ ሥራ የታተመበት ፖስታ በአንድ ፔኒ ለሕዝብ አቀረበ። ያልተማረው ሕዝብ ውበቱን ሊረዳው አልቻለም። ፐንች የተባለው የቀልድ መጽሔት ዘመቻ ከፈተበት፤ ገበያቸው የተነካባቸው የወረቀት ነጋዴዎችም ሠዓሊዎችን ቀጥረው በሥዕሉ ላይ የሚሳለቅ የፌዝ ፖስታ አሳተሙ። ሕዝቡ በፌዝ ፖስታው ደብዳቤ እየላከ መንግሥትን ገቢ አሳጣው፤ የመልሬዲም ሥራ ተቃጥሎ ጠፋ። ፌዙ ራሱ ደግሞ፣ እንደ ጸሐፊው አባባል፣ ፖለቲካ የሌለው የመንደር ሳቅ ነበር።

ክርክሩ የሚያጠነጥነው በሥዕሉ ላይ ስለሆነ፣ ሥዕሉን ላላየ አንባቢ በቅድሚያ ምን እንደሚመስል ልግለጽ። ዊልያም መልሬዲ በ1786 በአየርላንድ ኤኒስ ከተማ የተወለደ፣ በ1816 የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ለመሆን የበቃ፣ በዘመኑ የተከበረ ሠዓሊ ነው። የደብዳቤ መላኪያ ዋጋን ያቀለለውን የፖስታ ለውጥ ያመነጨው ሮውላንድ ሂል ንድፉን እንዲሠራ የጠየቀው በ1839 መጨረሻ፣ በረዳቱ በሄንሪ ኮል አማካይነት ነበር። ንድፉን ጆን ቶምሰን በናስ ላይ ቀረጸው፤ ዊልያም ክላውዝ ደግሞ ከዋናው ቅርጽ በተቀዱ የብረት ገጾች አተመው። ወረቀቱ ተመሳስሎ እንዳይሠራ የሐር ክር የገባበት የጆን ዲኪንሰን ወረቀት ሲሆን፣ ባለ አንድ ፔኒው በጥቁር፣ ባለ ሁለት ፔኒው በሰማያዊ ቀለም ታትሟል። ሁለቱም ዋጋዎች በሁለት ዓይነት ተዘጋጅተው ነበር፤ አንደኛው ውስጡ ተጽፎበት የሚታጠፍ የደብዳቤ ወረቀት፣ ሌላው እኛ ዛሬ «ፖስታ» የምንለው መጠቅለያ ነው።

ከላይ መሐል ላይ ብሪታኒያ፣ ማለትም አገሪቱን የምትወክለው ሴት፣ ከእግሯ ሥር አንበሳ አስተኝታ በዓለት ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ዘርግታ አራት ክንፋም መልእክተኞችን ወደ ዓለም ማዕዘናት ትልካለች። ከሥዕሉ በግራ በኩል ዝሆኖች፣ ግመሎችና ጸጉራቸውን የጎነጎኑ ቻይናውያን፣ በቀኝ በኩል የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና በርሜል የሚያሽጉ ሠራተኞች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ መርከቦች ይታያሉ። ከታች በሁለቱም ጥግ የደረሳቸውን ደብዳቤ የሚያነቡ ሰዎች ይታያሉ። ላኪው የተቀባዩን ስምና አድራሻ የሚጽፈው ይህ ሁሉ ሕዝብ ከከበበው ጠባብ ባዶ ቦታ ላይ ነው። የቅርጽ ሥራው እጅግ የተዋጣለት እንደሆነ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከመልእክተኞቹ የአንዱ ሁለተኛ እግር አለመታየቱ በጊዜው ብዙ ቢያስቅም፣ እኔ ትልቅ ነውር አላደርገውም፤ ጠቢብ እጅም አንዳንዴ ይስታል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ እመለሳለሁ፤ በቀላሉ ከሚታረመው ልጀምር። ፐንች በመልሬዲ ፖስታ ላይ ዘመቻ ሊከፍት አይችልም ነበር። ፖስታው ለሽያጭ የቀረበው ግንቦት 1 ቀን 1840፣ ለአገልግሎት የዋለው ግንቦት 6 ቀን ሲሆን፣ የፐንች የመጀመሪያ እትም የወጣው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ በሐምሌ 1841 ነው። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ከፌዝ ፖስታዎቹ ሠዓሊዎች መካከል ጆን ሊችና ሪቻርድ ዶይል በኋላ የፐንች ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሆነዋልና፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሥራውን ሁሉ ለመጽሔቱ መስጠት ይቀላል። በእውነቱ ግን አመጣጡ የተገላቢጦሽ ነው። ፐንች የተነሣው የፌዝ ፖስታው ካሰለጠናቸው እጆችና ካስለመዳቸው አንባቢዎች መካከል ነው።

ሕዝቡ የፌዝ ፖስታውን በመንግሥቱ ፖስታ ምትክ ተጠቅሞ ክፍያ አመለጠ የሚለውም አይቆምም። የመንግሥቱ ፖስታ ዋጋ የመላኪያውን ክፍያ ያጠቃልል ነበር፤ የፌዝ ፖስታው ግን አያጠቃልልም። ገዝቶ የሚልክበት ሰው እንደማንኛውም ላኪ የአንድ ፔኒውን ጥቁር ቴምብር መለጠፍ ወይም ፔኒውን በጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል ነበረበት። እንዲያውም አንድ ሰው ለሥዕሉ ለነጋዴው፣ ለመላኪያው ለመንግሥት ስለሚከፍል ሁለት ጊዜ ገንዘብ ያወጣል። ላኪው ይህን እያወቀ የገዛ መሆኑ ጸሐፊው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ይመስለኛል፤ ክፍያ የሚሸሽ ሰው እንዲህ አያደርግም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት የክፍያ ጉዳይ ለፌዝ ፖስታው መወለድ ዋነኛው ምክንያት ነው። ከለውጡ በፊት በብሪታንያ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ቁጥር ነበር፤ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነው። ከለንደን ኤድንብራ አንድ ነጠላ ወረቀት ለማድረስ 1 ሺሊንግ ከ1 ተኩል ፔኒ፣ ማለትም 13 ተኩል ፔኒ ያስከፍል ነበር። ወረቀቱን በሌላ ወረቀት ጠቅልለው ከላኩት መጠቅለያው እንደ ሁለተኛ ወረቀት ይቆጠርና ዋጋው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ተራው ሰው መጠቅለያ አይጠቀምም፤ ያንኑ የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ፣ በሰም አሽጎ፣ በጀርባው አድራሻ ይጽፋል። የፓርላማ አባላት ግን ደብዳቤያቸውን በነጻ የመላክ መብት ስለነበራቸው ይህ ሸክም አይነካቸውም ነበር።

ሂል በ1837 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሥርዓት ነቅፎ፣ በአገር ውስጥ ርቀት ሳይለይ በክብደት የሚተመንና በላኪው አስቀድሞ የሚከፈል አንድ ወጥ ዋጋ እንዲደነገግ ሐሳብ አቀረበ። ከጥር 10 ቀን 1840 ጀምሮ እስከ ግማሽ አውንስ፣ በእኛ መለኪያ 14 ግራም ገደማ፣ የሚመዝን ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መሄድ ጀመረ፤ የፓርላማ አባላት የነጻ መላኪያ መብትም በዚያው ቀን ቀረ። በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ከፍ አለ። የወረቀት ቁጥር መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ክብደት ሲተካው፣ ከደብዳቤው ውጭ ሌላ ቅጠል ወረቀት መጨመር ዋጋ አያስወጣም። ሥዕል የታተመበት መጠቅለያ በሕዝብ እጅ ሊገባ የቻለው በዚህ ሕግ ነው። የመልሬዲ ፖስታም፣ በእርሱ ላይ የተሳለቁት ፖስታዎችም ከአንድ ማሕፀን ወጡ። ጸሐፊው የለውጡን ፍሬ ያጠፉ ጠላቶች አድርገው የሳሏቸው ሰዎች ለውጡ የሰጣቸውን ነጻነት ከሁሉ ቀድመው የተጠቀሙበት ናቸው።

ወደ ዋናው ክስ ልምጣ፤ «ሕዝቡ ያልተማረ ስለሆነ ውበቱ አልገባውም» ወደሚለው። ይህ አባባል የጸሐፊው ሳይሆን የሂል መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሂል ግንቦት 12 ቀን 1840፣ ፖስታው አገልግሎት ላይ በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ የመልሬዲን ንድፍ በሌላ ለመተካት እንገደዳለን ብሎ እንደሚሰጋ በማስታወሻው መዝግቧል፤ ምክንያቱንም ሕዝቡ ለውበት ባሳየው ግድየለሽነትና ጥላቻ ላይ ጥሏል። ሥራው የተነቀፈበት ባለሥልጣን ባዘነበት ቀን የጻፈውን እንደ ታሪክ ፍርድ መቀበል ተገቢ አይደለም። ደግሞስ ነቃፊዎቹ እነማን ነበሩ? ገና ፖስታው በተሸጠ ማግስት ሥዕሉን አስቂኝ ብሎ ያጣጣለው ታይምስ ጋዜጣ ነው። ታይምስን የሚያነቡት ነጋዴዎች፣ ጠበቆችና የፓርላማ ሰዎች ነበሩ እንጂ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም። የፌዝ ፖስታ የሚሸጡት ሱቆችም በለንደን ፒካዲሊና ስትራንድ ጎዳና የነበሩ የታወቁ የኅትመት ሥዕል መደብሮች ናቸው። ምሳሌያዊ ሥዕል ማንበብ የማይችል ሰው በምሳሌያዊ ሥዕል ላይ በተሠራ ፌዝ ሊስቅ አይችልም፤ ፌዙ የሚገባው ዋናውን ላወቀ ብቻ ነው።

ታዲያ ሕዝቡን ያስቆጣው ምን ነበር? እኔ እንደማስበው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በሥዕሉና በሚሸጠው ነገር መካከል ያለው ርቀት ነው። አንድ ፔኒ የሚከፈለው ለአገር ውስጥ ደብዳቤ ነው። ዝሆኑም፣ ግመሉም፣ ቻይናዊውም በአንድ ፔኒ የሚደርስ ደብዳቤ አልነበራቸውም፤ በብሪታንያ ግዛቶች መካከል እንኳ የአንድ ፔኒ ዋጋ የተፈቀደው ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1898 የገና ዕለት ነው። ለእናቷ ከሊቨርፑል ማንቸስተር የምትጽፍ የቤት ሠራተኛ የዓለም ገዢነት ትርኢት ታቅፋ እንድትሄድ ተደረገች። ሁለተኛው ከዚህ የሚከተል ነው። የደብዳቤ ውጫዊ ገጽ የጸሐፊው ፊት ነው፤ ተቀባዩ ከማንበቡ በፊት የሚያውቀው የወዳጁን የእጅ ጽሑፍ ነው። መንግሥት ያን ገጽ በራሱ ውዳሴ ሞላው። የሐዘን ደብዳቤም፣ የዕዳ መጠየቂያም፣ የፍቅር ቃልም በዚያችው ብሪታኒያ ሥር እንዲያልፍ ተፈለገ። ሰዎች ይህን አልወደዱትም፤ መልሬዲ ጥሩ ሣለ አልሣለ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም።

ከመልሬዲ ፖስታ ጋር በአንድ ቀን ለሽያጭ የቀረበው የአንድ ፔኒው ጥቁር ቴምብር ደግሞ የንግሥቲቱን ፊት ብቻ የያዘ ትንሽ ወረቀት ስለሆነ፣ ሰው በመረጠው ወረቀት ላይ ጥግ ይዞ ይለጠፋል፤ የቀረውን ገጽ ለላኪው ይተዋል። ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። ጸሐፊው የመልሬዲን ፖስታ ውድቀት ሲተርኩ አብሮት የተወለደውን ይህን ተፎካካሪ አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣታቸው አስገርሞኛል። የፌዝ ሥዕል ባይኖር ኖሮም ሕዝቡ ቴምብሩን ይመርጥ እንደነበር አልጠራጠርም።

ስለ ነጋዴዎቹ ጸሐፊው የተናገሩት ግማሽ እውነት አለው፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። መንግሥት የተዘጋጀ የደብዳቤ ወረቀት መሸጥ ሲጀምር የወረቀት ነጋዴዎች ኑሯቸው ተነክቷል፤ የፌዝ ፖስታም ያተረፋቸው ሸቀጥ ነበር። በፒካዲሊ ፎርስ፣ በስትራንድ ስፑነርና ሳውዝጌት፣ በስኮትላንድ ሊዝ ከተማ ሂዩም እየተፎካከሩ ገበያ ላይ አውጥተዋል። ነገር ግን «ቀጥረው አሳሳሏቸው» ማለት ሠዓሊዎቹን አሳብ የሌላቸው እጆች ያደርጋቸዋል። ሊች በዚያ ጊዜ ገና 23 ዓመት ያልሞላው፣ ሕክምና ጀምሮ የተወ፣ እንጀራ ፍለጋ በሥዕል የሚታገል ወጣት ነበር። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ አልቅት ማለት ስለሆነ፣ በስሙ ፈንታ በጠርሙስ ውስጥ ያለች አልቅት ይሥል ነበር፤ ለፎርስ በሠራው የመልሬዲ ፌዝ የብዙ ሰው ዐይን አረፈበት። ሪቻርድ ዶይል ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የእርሱ ፖስታዎች ብዙም ሳይቆዩ መልሬዲን ትተው ወደ ፈረስ ግልቢያ፣ ወደ አደንና ወደ ጭፈራ ትዕይንቶች ተሻገሩ። የመልሬዲን ሥራ ለመጣል ብቻ የተቀጠረ ሰው መልሬዲ ከወደቀ በኋላ እንዲህ ያለ የራሱን ዓለም አይፈጥርም። ሁሉም ሠዓሊዎች እኩል ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በችኮላ የተሠሩ፣ ብሪታኒያን አስቀያሚ ከማድረግ ያላለፉ ፖስታዎችም አይቻለሁና፣ ለእነዚያ አልከራከርም።

ከሁሉ ይልቅ ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ፌዙ ፖለቲካ አልነበረበትም የሚለው ነጥብ ነው። በመልሬዲ ሥዕል ላይ ብሪታኒያ ለቻይናውያን መልእክተኛ ትልካለች። ይህ ፖስታ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1840፣ በታችኛው ምክር ቤት የተከራከሩት ከቻይና ጋር በኦፒየም (በአደንዛዥ ዕፅ) ንግድ ምክንያት ስለተነሣው ጦርነት ነበር፤ መንግሥትን ለመንቀፍ የቀረበው ውሳኔ በ271 ለ262 ድምፅ፣ በዘጠኝ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። የጦር መርከቦች ወደ ቻይናው የካንቶን ወደብ ሲያመሩ ክንፋም መላእክት በሰላም ደብዳቤ ያደርሳሉ የሚል ሥዕል በየቤቱ ገባ። የሪቻርድ አባት ጆን ዶይል፣ ኤች ቢ በሚል ምልክት የሚሥለው ታዋቂ የፖለቲካ ሠዓሊ፣ ይህን አላለፈውም። የመልሬዲን ቅንብር እንዳለ ወስዶ በብሪታኒያ ቦታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ፓልመርስተንን አስቀመጠ፤ መልእክተኞቹም በደብዳቤ ፈንታ እሳትና ሰይፍ ይዘው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይበራሉ። ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም። የአየርላንድና የብሪታንያ ኅብረት እንዲፈርስ የሚታገለው ዳንኤል ኦኮነልም በሌሎች የፌዝ ፖስታዎች ላይ ይታያል፤ ሠዓሊው መልሬዲ ራሱ አየርላንዳዊ መሆኑን ስናስብ፣ የእርሱን የተረጋጋ ዓለም በአየርላንድ ጥያቄ መረበሽ ትርጉም የሌለው ነገር አልነበረም።

የዚህ ሥዕላዊ ቋንቋ ኃይል ግን ይበልጥ የታየው ፖስታው ከቀረ ከዓመታት በኋላ ነው። በ1844 በለንደን በስደት የሚኖረው የጣልያን አርበኛ ጁዜፔ ማዚኒ ደብዳቤዎቹ በፖስታ ቤት እየተከፈቱ እንደሚነበቡ ደረሰበት፤ ይህን ለማረጋገጥም በደብዳቤዎቹ ውስጥ ጥቃቅን ፍሬዎችና የጸጉር ዘለላ ያስገባ ነበር። ጉዳዩ በፓርላማ አባሉ በቶማስ ደንከም አማካይነት ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ትእዛዙን የሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ጀምስ ግራሃም መሆኑ ታወቀ። (ከአራት ዓመት በፊት ያን በዘጠኝ ድምፅ የወደቀውን የቻይና ጦርነት ነቀፋ ያቀረበው ይኸው ግራሃም ነበር፤ የፖለቲካ ሰው ታሪክ እንዲህ ይገለባበጣል።) በዚያን ጊዜ ሊች ፐንች ላይ «ጸረ ግራሃም ፖስታ» ሣለ። ብሪታኒያ በተቀመጠችበት ዓለት ላይ ግራሃም ተቀምጧል፤ በዙሪያው ያሉት የሰው ደብዳቤ እየከፈቱ ያነባሉ። አንባቢው ቅንብሩን ባየበት ቅጽበት የመልሬዲን ፖስታ እንዲያስታውስ ማንም ማብራሪያ መስጠት አላስፈለገውም። «መንግሥት ደብዳቤህን ያደርስልሃል» ብሎ የተሣለ ሥዕል «መንግሥት ደብዳቤህን ይከፍትብሃል» የሚለውን ለመናገር ዋለ። ለሰው ምሥጢር መከበር የተደረገ ክርክር በፖስታ ሥዕል ሲካሄድ ይህን የመንደር ሳቅ ብሎ መጥራት ሊችንም፣ ማዚኒንም፣ ያን ፖስታ ያዩትንም መበደል ነው።

በዚህ ሁሉ መልሬዲ ተጎድቷል፤ ስሙ ለሥራው ሳይሆን ለፌዙ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለእርሱ ማዘን ተገቢ ነው፤ ጸሐፊው በዚህ ረገድ የጻፉት አንቀጽ ከጽሑፋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ስሕተቱ ግን ከአሠሪዎቹ ይጀምራል። በ1839 ግምጃ ቤቱ ለሕዝብ ባወጣው ውድድር ከ2,600 በላይ ሐሳቦች ቀርበው ነበር፤ ትልቅ የአዳራሽ ሥዕል የሚመስለውን ቅንብር የእጅ መዳፍ በሚያክል ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የፈቀዱት ግን እነ ሂል ናቸው። መልሬዲ የተጠየቀውን ሠርቷል።

የመጨረሻው፣ ተቃጥሎ ጠፋ የሚለው ነው። በ1841 መጀመሪያ የንግሥቲቱ ፊት በእብጠት የታተመበት ቀለል ያለ ፖስታ ሲተካው ያልተሸጠው ክምችት እንዲወገድ ተወስኗል፤ ብዛቱም እጅግ ከፍተኛ ስለነበር ለማስወገጃ ልዩ መሣሪያ አስፈልጓል። ይህ የመጋዘኑ ታሪክ ነው። በሰው እጅ የገባው ግን አልጠፋም፤ ሰዎች የወዳጆቻቸውን ደብዳቤ ስላስቀመጡ በርካታው እስከ ዛሬ አለ፤ የፌዝ ፖስታዎቹም በዚያው ምክንያት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲያም ሥዕላዊ ፖስታ አልቆመም። አሜሪካዊው ኤሊሁ በሪት ወደ ባሕር ማዶ የሚላክ ደብዳቤም በአንድ ፔኒ እንዲሆን ዘመቻ ባካሄደበት ጊዜ፣ በዳንዲ ከተማ የነበረው ጀምስ ቫለንታይን መርከብና ባሕር የተሣለባቸውን ፖስታዎች ቀርጾ አሰራጨለት። እነዚያ ፖስታዎች የጠየቁት የመልሬዲ ሥዕል በ1840 እንደተፈጸመ አድርጎ ያሳየውን ነገር ነበር።